ከቡናው ሥር የተነጠፈው ጥቁር ጨርቅ፦ የአንድ የጅማ ጓሮ የጉዳይ ጥናት

ጅማ ላይ አረም እረፍት አያውቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና መስከረምን ይሻገራል። ቀዩ አፈር ጥልቅ ነው። የዘራችሁት ይበቅላል፤ ያልዘራችሁት ደግሞ ቀድሞት ይበቅላል። ጓሮ ያለው የጅማ ሰው ሁሉ "ይሄን አረም አንዴ የሚያስቀርልኝ ነገር የለም ወይ?" የሚለው ለዚህ ነው።

ለጥያቄው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ጥቁሩ የአረም መከላከያ ጨርቅ ነው። በአበባ እርሻና በችግኝ ጣቢያ ወለል ላይ የለመድነው ጨርቅ አሁን ወደ መኖሪያ ግቢም እየገባ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አረሙ ብርሃን አጥቶ ይሙት፣ ውሃ ግን ይግባ። እኔ እዚህ የማቀርበው ያ ሐሳብ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆይቶ ምን እንዳስከተለ ነው። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ግቢ አራት ቦታ ተነጠፈ። ውጤቱ ግን እንደ ቦታው ተለያየ። ጉዳዩን መጻፍ የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ "ቲቸር" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። እንድጽፈው ሲፈቅዱልኝ "ሌላው ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይስማው" አሉኝ።

ግቢያቸው ወደ ጅሬን በሚያወጣው ተዳፋት ላይ ነው። ከበሩ እስከ ቤቱ መንገድ አለ፤ ዳርና ዳሩ ጽጌረዳና ጤናዳም ተተክሎበታል። ከቤቱ ጀርባ ስድስት እግር ቡና አለ። ጥግ ላይ ሙዝ፣ እንሰትና ጎደሬ ይታያሉ። ከኩሽናው አጠገብ ደግሞ ሦስት የአትክልት መደቦች አሉ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያ ይዘራባቸዋል። ገበያ ሳይወጡ ወጥ የሚሠራበት ግቢ ነው።

የቲቸር ራስ ምታት ሁለት አረም ነበር። ሌላው በእጅ የሚሸነፍ ነው። ጨጎጊት ሳያፈራ ከተነቀለ ያበቃለታል። የውሃ አንቁርም ይነቀላል፤ እዚያው ከተጣለ ግን ግንዱ መልሶ ሥር ስለሚሰድ ከመደቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለቱ ጠንካሮች ሰርዶና እንግጫ ናቸው። ሰርዶ ከላይም ከታችም ይሄዳል። አፈር ላይ የሚሳብ ግንድ አለው፤ አፈር ውስጥም የሚሮጥ ሌላ ግንድ አለው። በዶማ ብትቆራርጡት አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን የቻለ ሰርዶ ይሆናል። አህያዋ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ብትልም ሰርዶ የሚሰማት አይደለም። እንግጫ ደግሞ ከሥሩ ድብልብል ጥቃቅን ፍሬዎች ያፈራል። ቅጠሉን ስትነቅሉት ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ እንደገና ብቅ ይላል።

አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ለበዓል ሲመጣ እናቱ ወገባቸውን ይዘው ሲያርሙ አገኛቸው። አንጀቱ አልቻለም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ አንድ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ጭኖ መጣ። "እማዬ፣ ከእንግዲህ አጎንብሰሽ አታርሚም" አላቸው።

የገዛው ጨርቅ መናኛ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "ርካሹን ገዝተው ነው" የሚል እንዳይኖር ነው። ገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ክሩ ተጨፍልቆ የተሠራ፣ ስስና ለስላሳ፣ በእጅ የሚቀደድ ነው። ሁለተኛው ተሸምኖ የተሠራ ነው። የሚሠራውም ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እኛ በተለምዶ "ማዳበሪያ" የምንለው ከረጢት ከሚሠራበት ከዚያው ነገር ማለት ነው። ልዩነቱ የአረሙ ጨርቅ ጥቁር ቀለምና ጸሐይን የሚቋቋም ቅመም ተጨምሮበት መምጣቱ ነው። ተራውን የማዳበሪያ ከረጢት ተርትራችሁ ብታነጥፉት ጸሐዩ በወራት ውስጥ ይፈረካክሰዋል። ከዚያ ክሩን ከአፈር ውስጥ መልቀም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የቲቸር ልጅ የገዛው ተሸምኖ የተሠራውን፣ በካሬ ሜትር 100 ግራም የሚመዝነውን ነበር። ለግቢ በቂ ነው።

አነጣጠፉን ሳጠና ችግሩ ከየት እንደጀመረ ገባኝ። የቀን ሠራተኛ ሣሩን በገጀራ ከመሬት እኩል መታው። ሥሩ አልተቆፈረም። ጨርቁ ከላይ ተዘረጋ። ፌሮ ተቆርጦ፣ ሁለት ጫፉ ታጥፎ እንደ ችንካር ተመታበት። መንገዱ ላይ ጠጠር ተደፋበት። ከውሃ ታንከሩ ሥር ያለው ባዶ ቦታ እንዲሁ ተሸፈነ። ቡናውና ጽጌረዳው ሥር በግንዱ ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ ተቀደደና ተነጠፈ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ዓይን ስለማይማርክ ከላዩ የቡና ገለባ ተበተነበት። አትክልት መደቡ ላይ ደግሞ ክብ ክብ ቀዳዳ ተበጀለት።

የመጀመሪያው ዓመት ደስታ ነበር። ጎረቤት እየመጣ አየ። ቲቸር ክረምቱን ሙሉ ዶማ አልነኩም። በሁለተኛው ዓመት ገለባው መሐል ጨጎጊት ብቅ ብቅ አለ። በቡናው ግንድ ዙሪያ፣ በቀዳዳው በኩል፣ ሰርዶ ራሱን አወጣ። "ይሄማ ምንም አይደል" ብለው ነቀሉት። በሦስተኛው ዓመት ሰርዶው ከጨርቁ በላይም ከጨርቁ በታችም ነበር። ይባስ ብሎ ቡናው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሁለቱ እግር ላይ ቅርንጫፎቹ ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ። ቅጥሩን የሚጋሯቸው ሐጂ በአጥሩ ላይ ሆነው አዩና "ቲቸር፣ አፈሩን አፍነውት ነው እንጂ ቡናው ምን አጥቶ!" አሏቸው። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የያዙ ሰው ናቸው። እኔም የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ስንገልጠው

የሄድኩት ሚያዝያ ውስጥ ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ አፈሩ ርሷል። ጨርቅ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ብታነሱት የተጋለጠው ሥር በጸሐይ ይጠበሳል።

ጨርቁን ከመክሰሴ በፊት ግን ሌላውን ማጣራት ነበረብኝ። ቡና ሲደርቅ መጀመሪያ የሚፈራው አድርቅ የሚባለው የቡና በሽታ ነው። እርሱ ከሆነ ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል እንጂ ማዳበሪያ መስጠት አያድነውም። ስለዚህ ከግንዱ ሥር፣ አፈሩ አጠገብ፣ ቅርፊቱን በቢላ ፋቅሁት። አድርቅ ያለበት ቡና ከቅርፊቱ ሥር እንጨቱ ላይ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚሄድ ሰንበር ያሳያል። የቲቸር ቡና እንጨቱ ነጭ ነበር፤ አንድም ሰንበር የለውም። ቢጫ የሆነውም በአብዛኛው አሮጌው ቅጠል ነው፤ አዲሱ ቡቃያ በመጠኑ አረንጓዴ ነው። ይህ ምግብ ያነሰው ተክል መልክ ነው።

ከዚያ ገለባውን በእጄ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ከላይ ገለባ ነው። ሁለት ጣት ወረድ ሲል ገለባ የሚባል የለም። በስብሶ ጥቁር፣ ፍርክስ የሚል፣ ሽታው ደስ የሚል አፈር ሆኗል። ሦስት ክረምት የሠራው ነው። ጨጎጊቱ የሚበቅለው እዚያ አፈር ላይ ነበር። ዘሩ በነፋስ፣ በልብስ፣ በዶሮ እግር ይመጣል፤ ጨርቁ ከዘሩ በታች ስለሆነ የሚከለክለው ነገር የለም። ከታች ለሚመጣው በር ዘግተን፣ ከላይ ለሚመጣው አልጋ አንጥፈናል።

የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያየሁት ነው። በዚያ ጥቁር አፈር ውስጥ ነጫጭ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች ተረብርበው ነበር። የሰርዶ መስለውኝ አንዱን ተከትዬ ሄድኩ። ወደ ቡናው ግንድ ወሰደኝ። ቡና ምግቡን የሚለቅምባቸው ሥሮች በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው። እዚህ ግቢ ሥሩ በግንዱ ቀዳዳ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከጨርቁ በላይ ባለችው አራት ጣት በማትሞላ አፈር ላይ ተዘርግቷል። ከፊሉ የጨርቁን ሽመና ሰንጥቆ ገብቷል። ምግቡ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው የሄደው። ያቺ ስስ አፈር ደግሞ በጋ ሲመጣ መጀመሪያ የምትደርቀው ናት። ከታች ካለው እርጥበት ጋር የሚያገናኛት ጨርቅ ብቻ ነው።

ጨርቁን በቢላ ቀደን አንድ ጫፉን አነሳን። ከሥሩ ያለው አፈር ገርጥቷል። ጠፍጣፋ፣ ልሙጥ፣ ድፍን ያለ ነው። በጣቴ ብጫነው አልገባልኝም። ትል የሚባል አላየንም። የሰርዶ ሥር ግን ነበር፤ ቢጫ ሆኖ፣ ብርሃን ወዳለበት ቀዳዳ እየተሳበ። ቲቸር አጠገቤ ቁጭ ብለው አዩት። "እኔ የሞተ መስሎኝ ነበር" አሉ። አልሞተም። ሰርዶ ሥሩ ውስጥ ባጠራቀመው ስንቅ እየኖረ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ቡናው ሥር ነው።

ሐጂን አስፈቅደን በአጥሩ ማዶ ካለው ቡናቸው ሥር እንዲሁ ገለጥን። አፈሩ ከአንድ ተዳፋት ነው፤ የሚያገኘው ዝናብም አንድ ነው። ሐጂ ጨርቅ የላቸውም። ገለባና ፍግ ብቻ ነው የሚያለብሱት። እጄ እስከ አንጓው ገባ። ትሉ ተርመሰመሰ።

ከዚያ በጆግ ውሃ ቀዳን። በቲቸር በኩል፣ ገለባው በተጠረገበት ጨርቅ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። ውሃው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ታች ሸሸ። ጨርቁ አዲስ በነበረ ጊዜ ውሃ ያሳልፍ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ደቃቁ ቀይ አፈር ቀዳዳውን ደፍኖታል። በሐጂ በኩል ያፈሰስኩት ውሃ ገለባው ውስጥ ጠፋ። ጅማ ላይ ዝናብ ሲወርድ በጆግ አይወርድም። ያ ሁሉ ውሃ በጨርቁ ላይ እየተንሸራተተ ከግቢው ይወጣ ነበር ማለት ነው። ገለባውንም ይዞ ነው የሚወጣው፤ ቲቸር በየክረምቱ ከታችኛው አጥር ሥር እየሰበሰቡ ሲመልሱ ከርመዋል።

ፍርዴን እዚህ ላይ በጥንቃቄ ላስቀምጠው። ቡናውን ቢጫ ያደረገው ጨርቁ ብቻውን ነው አልልም። ጨርቁ ከተነጠፈ ጀምሮ ቲቸር ለቡናው ፍግ አልሰጡም፤ በየት በኩል ይስጡ? ከላይ ቢያደርጉት ከጨርቁ በላይ ይቀራል። ቡናው ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ብዙ አፍርቶ ደክሟል። ግን ሦስቱም ነገር አንድ ቦታ ይገናኛል። አፈሩ ተቆልፎበት ነበር። ምግብ፣ ውሃና አየር እንደ ልብ አይገቡም። ሐጂ ምንም ሳይገልጡ "አፍነውት ነው" ያሉት ትክክል ነበር።

የሠራበትም አለ

መንገዱን ሳይ ግን ቲቸርን "ይሄን እንዳይነኩት" አልኳቸው። ከጠጠሩ ሥር ያለው ጨርቅ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። እዚያ ምንም እንዲበቅል አንፈልግም። አፈሩ ቢጠጥር ጥሩ ነው፤ እንረግጠዋለን። ጨርቁ ባይኖር ጠጠሩ በሁለት ክረምት ጭቃ ውስጥ ይሰምጥ ነበር። ጠጠሩም ጨርቁን ከጸሐይ ጋርዶለታል። የሚጠይቀው ጥገና መጥረግ ብቻ ነው። የወደቀ ቅጠል ጠጠሩ መሐል ከበሰበሰ አፈር ይሆናል፣ አፈር ከሆነ ዘር ይይዛል። ከታንከሩ ሥር ያለውም እንዲሁ ደህና ነው። ውሃ ሲፈስ ጭቃ አይሆንም፣ የችግኝ ፕላስቲኮችም ይደረደሩበታል።

የአትክልት መደቡ ታሪክ መሐል ላይ ነው። ለቲማቲምና ለቃሪያ ጨርቁ ጥሩ ነበር። ተራርቀው የሚተከሉ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል። ዝናብ ሲመታ ጭቃ ወደ ታችኛው ቅጠል አይረጭም፤ ይህ ደግሞ ከአፈር ለሚነሳ የቅጠል በሽታ መንገዱን ያጠብበታል። ቀዳዳው የተበጀበት መላም ግሩም ነው። የቲማቲም ድልህ ባዶ ጣሳ ከሰል ላይ ይግላል፤ በጉጠት ይያዝና ጨርቁ ላይ ይጫናል። ክብ ሆኖ ይቆረጣል፣ ጠርዙም ቀልጦ ስለሚጣበቅ ክሩ አይተረተርም። በቢላ የተቀደደው የቡናው ሥር ግን ክሩ እየተተረተረ አፈር ውስጥ ገብቶ አገኘነው። ጣሳውን ስታግሉም ሆነ ስትጫኑ ደጅ ይሁን፤ ጭሱን ቤት ውስጥ መማግ አያስፈልግም።

ለካሮትና ለቆስጣ ግን ጨርቁ ዋጋ የለውም። ካሮት በመስመር ተዘርቶ የሚሳሳ ነው፤ በቀዳዳ አይዘራም። ጎመን በጨርቅ ይሆናል፤ ግን ጎመን እየተቀነጠሰ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በመሐሉ ፍግ መጨመር ይፈልጋል። እንግጫው ደግሞ ለጨርቁ ግድ አልነበረውም። ጫፉ እንደ መርፌ ሹል ነው። ስስ ፕላስቲክ ይበሳል፤ ተሸምኖ የተሠራውን በየቦታው ባይበሳውም ላላ ያለበትንና የቀዳዳውን ጠርዝ ፈልጎ ይወጣል።

ምን አደረግን

ቡናው ሥር ያለውን ጨርቅ ለማንሳት ወሰንን። በአንድ ጊዜ ግን አልጎተትነውም። ሥሩ ከሽመናው ጋር ተሰፍቷል፤ ብትጎትቱት ከነሥሩ ይመጣል። ደመና ያለበት ቀን መረጥን። በሁለት ቡና መሐል ያለውን ክፍት ቦታ አስቀድመን በርዝመቱ ቀደድን። እየቀደድን አነሳነው። ሥር የገባበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሥሩን በመቀስ ቆረጥን እንጂ አልመነጨቅንም። ግንዱን የከበበው ክፍል ላይ አንዱ ቡና ግንዱ ወፍሮ ጨርቁን ጠርቅሞት ነበር፤ ቅርፊቱ ላይ ምልክት ሠርቶበታል። እርሱን በትዕግሥት በትንሽ በትንሹ አወጣነው። ከላይ የነበረው ጥቁር አፈር አልተጣለም። ወደ ጎን አድርገነው ጨርቁ ሲነሳ እዚያው መለስነው። ሥሮቹም አብረው ተመለሱ።

ሰርዶውን በዶማ አላስመታሁም። ባለጥርስ መቆፈሪያ ነው የተጠቀምነው፤ አፈሩን ያነሳል፣ ሥሩን አይቆራርጥም። ከቡናው ግንድ ራቅ ብሎ እየተቆፈረ፣ አጠገቡ ያለው በእጅ እየተለቀመ። የተለቀመው ሰርዶ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ እስኪንኮሻኮሽ ደረቀ። ወደ ኮምፖስቱ እንዳይገባ ቲቸርን አደራ አልኳቸው። በአንጓ የሚበቅል ነገር ኮምፖስት ውስጥ ከገባ ከፍጉ ጋር ግቢውን በሙሉ ይዞራል።

ከዚያ የበሰበሰ ፍግ ተበተነ። ከላዩ የካርቶን ልባስ አደረግን፤ ፕላስተሩና ስቴፕለሩ ተነቅሎለት፣ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርቦ፣ ውሃ ጠጥቶ። ካርቶን የጨርቁን ሥራ ለጥቂት ወራት ይሠራል። በኋላ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ማንም ሊያነሳው አይመጣም። ከላዩ የቡና ገለባ ለበሰ።

ስለ ገለባው ትንሽ ልቆይ፤ ጅማ ያለ ሰው ይህን ሀብት በነጻ አጠገቡ ይዞ ፕላስቲክ ሲገዛ ያሳዝነኛል። የጅማ አካባቢ ቡና በብዛት በጀንፈል ነው የሚዘጋጀው፤ ደርቆ ነው የሚፈለፈለው። በየመፈልፈያው ደጃፍ ገለባ ይከመራል። ብዙው ይቃጠላል ወይም ወንዝ ዳር ይደፋል። ለአፈር ግን በፖታሽየም የበለጸገ ልባስ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው አዲሱ ነው። ትኩስ ገለባ ክምር ውስጥ ይግላል፤ ካፌይንና ታኒንም ስላለው ለጋ ችግኝን ይጎዳል። ቢያንስ አንድ ክረምት ተከምሮ፣ ዝናብ ጠጥቶ፣ መልኩ ጠቆር ሲል ነው የሚነጠፈው። ሐጂ ያከማቹት የከረመ ነበርና ከእርሳቸው ወሰድን። "ለጎረቤት ገለባ ይሸጣል እንዴ!" ብለው ገንዘቡን አልተቀበሉም።

የቀረው ዳርቻው ነው። ለእኔ የዚህ ግቢ ዋናው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ሰርዶው ይመጣ የነበረው ከላይኛው አጥር፣ ከውጭው መንገድ በኩል ነው። ጨርቁ የተነጠፈው መሐል ላይ ነው። ሌባው በበር እየገባ እኛ ሳሎኑን እንቆልፋለን። ስለዚህ በአጥሩ ርዝመት አንድ ስንዝር ጥልቀት ያላት ቦይ አስቆፈርን፤ የሚሳበው ግንድ ቦይዋ ላይ ሲደርስ ይታያል፣ ይቆረጣል። ከቦይዋ በስተውስጥ ደግሞ ቬቲቨር የሚባለው ሣር በተራ ተተከለ። ይህን እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ቬቲቨር ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከታንዛኒያ፣ እዚሁ መልኮ ባለው የጅማ ምርምር ማዕከል በኩል ነው። የቡና እርሻዎች ሰርዶ እንዳይገባባቸው በዙሪያቸው ተክለውታል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ቡናውን አይሻማም። በዘር ስለማይራባም ራሱ አረም አይሆንም። ግን ከስሩ ተጠጋግቶ ካልተተከለ በመሐሉ ክፍተት ይተዋል፤ ሰርዶ ክፍተት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከጽጌረዳው ሥር ያለውም ጨርቅ ተነስቶ በገለባ ተተካ። እዚያ ታሪኩ ያው ስለሆነ አልደግመውም።

ለመደቦቹ ጨርቁን አስቀርተናል፤ አጠቃቀሙ ግን ተለወጠ። አሁን እንግዳ ሆኖ ይመጣል እንጂ ነዋሪ አይደለም። ቲማቲም ሲተከል ይነጠፋል፤ ሲለቀም ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ደርቆ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መደቡ ሥራ በሚፈታበት ጊዜም ቀዳዳ የሌለው ቁራጭ ለስድስት፣ ለስምንት ሳምንት ይሸፍነዋል። አረሙ ከሥሩ በቅሎ ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ሲነሳ መደቡ ንጹሕ ነው፤ ካሮቱም ቆስጣውም ያኔ ይዘራል። በእኔ ግምት ይህ ለመኖሪያ ግቢ የጨርቁ ከሁሉ የተሻለ አገልግሎት ነው። ሰርዶንና እንግጫን በዚህ ጊዜ ውስጥ አይገድልም፤ የዘር አረሙን ግን ያራግፋል።

ከዓመት በኋላ

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲገባ ሄጄ አየሁት። ከስድስቱ አምስቱ ቡና አዲስ ቅጠላቸው ደማቅ አረንጓዴ ሆኗል። ጫፋቸው ደርቆ የነበሩት ሁለቱ ተገርዘው ከታች ሽቅብ አቆጥቁጠዋል፤ አንዷ ግን ገና ደካማ ናት። ጨርቁ ጠርቅሟት የነበረችው ናት። አንድ ዓመት ካላገገመች ጎንድለን ከጉቶዋ ብናሳድጋት ይሻላል ብያቸዋለሁ። አፈሩ ላይ ጣቴ ገብቷል። ትል ተመልሷል።

አረሙ ቀርቷል ወይ? አልቀረም። ቲቸር አሁንም ያርማሉ። ገለባው ላይ የሚበቅለው ግን ሥሩ ላላ ያለ መሬት ላይ ስለሆነ በሁለት ጣት ይነቀላል። ጠዋት ጠዋት ቡና እስኪፈላ ድረስ ዞር ዞር ብለው ይለቅሙታል። "ሳይደርቅ በርጥቡ" የሚሉት ነገር ለአረም በደንብ ይሠራል፤ ሳያብብ የተነቀለ ጨጎጊት ለከርሞ ዘር አይተውም። እንግጫው አሁንም አለ። እርሱን በተመለከተ ተስፋ የምሰጠው በዓመታት እንጂ በወራት አይደለም። በወጣ ቁጥር ሲነቀል ፍሬው ስንቁን እየጨረሰ ይሄዳል።

ልጃቸው ነገሩን ሲሰማ ቅር እንዳይለው ፈርተው ነበር። እኔ ራሴ ደውዬ አስረዳሁት። ገንዘቡ በከንቱ አልጠፋም። መንገዱ አለ፣ ታንከሩ ሥር አለ፣ መደቡ አለ። እናቱም ወገባቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ አያጎነብሱም፤ የፈለገውም ይህን ነበር።

ከጥቅሉ የተረፈ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ አለ። ቲቸር አንድ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ አስመጥተው "ለዚህስ ላንጥፍለት?" ብለው ጠይቀውኛል። አያንጥፉ ብያለሁ። ከግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ሰርዶው ይለቀም። የበሰበሰ ፍግ፣ ከላዩ ካርቶን፣ ከካርቶኑ በላይ አራት ጣት የከረመ ገለባ ይደረግ። ገለባው ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ አቮካዶ ግንዱ ሥር እርጥበት ከታቆረበት ይበሰብሳል። ገለባው ሲሳሳ፣ በዓመት አንድ ሁለቴ፣ ይታከልበት። የተረፈው ጨርቅ ታንከሩ አጠገብ ይዘርጋ፤ ችግኞቹ እዚያ ላይ ይደርደሩ።